ቁራ የሚጮኸው በከንቱ አይደለም

ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። ዛሬ በልደታ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ጭልፊት ነው። ከአካባቢው ብዙም በማይርቀው ቄራ የሥጋ ትርፍራፊ ስለማይጠፋ፣ ጭልፊትና አሞራ ከጧት እስከ ማታ ሰማዩን ሲዞሩት ይውላሉ። በግቢያቸው ዶሮ የሚያረቡ የልደታ ነዋሪዎችም ጫጩት በተፈለፈለ ቁጥር ዓይናቸውን ከሰማይ አይነቅሉም።

ታዲያ ጭልፊቱ ዝቅ ማለት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ሰው አይደለም፤ ቁራ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ ወይም ከመብራት ምሰሶ ላይ አንድ ቁራ ይጮኻል። ሁለተኛው ይከተለዋል። ሦስተኛውና አራተኛው ከየት መጡ ሳይባል ይደርሳሉ። አንዱ ከኋላ ሆኖ ጅራቱን ሲተናኮል፣ ሌላው ከላይ ይወረወርበታል። ጭልፊቱ አንድ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ተገልብጦ ጥፍሩን ያሳያል፤ ነገር ግን ሳይዋጋ አካባቢውን ለቆ ይሄዳል። እናት ዶሮም ከተጠጋችበት ቁጥቋጦ ሥር ጫጩቶቿን አስከትላ ትወጣለች።

በከተማ መካከል የሚታየው ይህ ነገር በገጠር ከዚያ በበለጠ የሚታይ ነው። እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም በብዙ መንደር ቁራና ጭልፊት በአንድ ዓይን ሲታዩ፣ በአንድ ፍርድም ሲቀጡ ይስተዋላል። የቁራው ጎጆ ይፈርሳል፤ ጎጆው ያለበት ዛፍ ይቆረጣል፤ ሲብስም በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ሜዳ ላይ ይጣላል። እንዲህ ያለው ሐሳብ ወደ ገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሲመጣ ውሳኔው የሚጠበቀው ከመሪዎች ነው። ስለዚህ መሪዎች እጅ ከማስወጣታቸው በፊት ቁራው የሚጮኸው ለምን እንደሆነና ጩኸቱ ለማን እንደሚጠቅም ቢያጤኑት ይበጃል።

ጎጆውን ሲጠብቅ

በአገራችን ከሚገኙት የቁራ ዓይነቶች ሁለቱ ለደጋና ለወይና ደጋ ገበሬ እንግዳ አይደሉም። አንደኛው ደረቱና የአንገቱ ዙሪያ ነጭ፣ የቀረው አካሉ ጥቁር የሆነው ነው። ይህኛው ከተማ ከገጠር ሳይመርጥ ሰው ባለበት ሁሉ ይኖራል፤ ጎጆውንም በረጅም ዛፍ ወይም በመብራትና በስልክ ምሰሶ ላይ በጭራሮ ይሠራል። ሁለተኛው ወፍራም መንቁር ያለውና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ ነው። ይህኛው በዓለም ካሉት ቁራዎች ሁሉ ትላልቅ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ መኖሪያው በአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች የተወሰነ ነው።

ባለ ነጭ ደረቱ ቁራ እንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ታቅፎ ይቆያል። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ከጎጆ ለመብረር ደግሞ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅባቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎጆው ከቦታው አይነሣም፤ ጫጩቶቹም ማምለጥ አይችሉም። ጭልፊት ወይም ንስር ጎጆውን አንድ ጊዜ ካወቀው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ቁራው ጠላቱን የሚገጥመው ጎጆው ከተደፈረ በኋላ ሳይሆን ገና ከሩቅ ሲያየው ነው። ማሳደዱ በተለይ በመራቢያው ወቅት የሚበረታውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ፣ ጥፍሩ የሰላ ጭልፊት ወይም ከቁራ እጅግ የሚከብድ ንስር ለምን ይሸሻል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ከገበሬው ኑሮ የራቀ አይደለም። ሌባ በሌሊት ወደ በረት ሲገባ አንዲት ሴት «ኡኡ!» ብትል፣ ሌባው የሚሸሸው ሴትዮዋን ፈርቶ አይደለም፤ ስለታወቀበት ነው። አዳኝ ወፍም ጉልበቱ በጥፍሩ ብቻ ሳይሆን ሳይታይ በመድረሱ ነው። አንድ ጊዜ ከታወቀበት በዚያ ሰፈር ያለው ሁሉ ተሸሽጓልና የሚያድነው አያገኝም። ቢቆይ ድካም ብቻ ይተርፈዋል። በዚያ ላይ የንስር ሰፊ ክንፍ ለማንዣበብ እንጂ ቶሎ ቶሎ ለመታጠፍ አያመችም፤ ቁራው ግን ከኋላና ከላይ እየመጣ ጥፍር በማይደርስበት በኩል ይነካካዋል።

እርግጥ ነው፣ ሥራው አደጋ አለበት። የሚያሳድደው ወፍ ራሱ የሚያዝበት ጊዜ አለ። ግን ብዙ ሆነው ሲመጡ አደጋው ይከፋፈላል፤ አዳኙም ማንን እንደሚይዝ ይጠፋዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በሰማይም ይሠራል። ሃንስ ክሩክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት፣ በመንጋ የሚራቡ የባሕር ወፎች ቁራን ሳይቀር ከእንቁላላቸው ተባብረው እንደሚያባርሩ አሳይቷል። ይህ የሚያስተምረው ሌላም ነገር አለ፦ ቁራ በአንዱ ቦታ አሳዳጅ፣ በሌላው ቦታ ተሳዳጅ ነው። በአገራችንም ባላ ጅራት ያላት ጥቁሯ ትንሽ ወፍ ጎጆዋ አጠገብ የደረሰውን ቁራ ስታባርር ማየት የተለመደ ነው።

ጠላትን መለየት ከትልልቁ ወደ ትንሹ የሚተላለፍ ትምህርት መሆኑም ተረጋግጧል። ኤበርሃርድ ኩሪዮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ወፍ ሌላው ወፍ የሚጮኽበትን ነገር አይቶ ጠላት ነው ብሎ እንደሚቀበልና ለሌላው እንደሚያስተላልፍ አሳይተዋል። በሙከራው ምንም ጉዳት የሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ እንኳ እንደ ጠላት ተቆጥሮ ተጮኾበታል። በአሜሪካ ሲያትል ከተማም የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ጭምብል አጥልቀው ቁራዎችን ከያዙ በኋላ ለቀቋቸው። ቁራዎቹ ያንን ጭምብል ከዓመታት በኋላም ባዩት ቁጥር ይጮኹበት ነበር። የበለጠ የሚገርመው ተይዘው የማያውቁ ቁራዎችም ከሌሎቹ ተምረው መጮኻቸው ነው። እንግዲህ የአንድ መንደር ቁራዎች ጭልፊቱን፣ ሸለመጥማጡንና ክፉውን ሰው የሚያውቁት በጋራ ነው ማለት ይቻላል።

ጩኸቱ የሚተርፈው ለሌላውም ነው

ቁራው የሚጮኸው ለዶሮ አዝኖ አይደለም። ለጎጆው ነው። ነገር ግን ኡኡታ ባለቤት የለውም፤ የሰማ ሁሉ ይጠቀምበታል። የአንዱ ዓይነት ወፍ ጩኸት ለሌላው እንስሳ ማስጠንቀቂያ እንደሚሆን በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገ ጥናት ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው በዚህ ጥናት፣ እንሹ አንድ ጉትያ ያለው ወፍ የአደጋ ጩኸት ሲያሰማ ከሰማች ጠላቱን ራሷ ሳታይ ወደ ቁጥቋጦ እንደምትሮጥ ታውቋል። ወፉና እንሹ ምንም ዝምድና የላቸውም፤ ወፉ ለእንሹ ብሎ አልጮኸም። ጥቅሙ ግን ደርሷታል። ሁለቱም በአገራችን ቆላማ አካባቢ የሚኖሩ ናቸው።

በጓሮም ያለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ቁራው ሲጮኽ ድንቢጡ ከአውድማ ተነሥቶ አጥር ውስጥ ይገባል፤ ርግቡ ይበራል፤ ጫካ ጠጋ ባለ ግቢ ደግሞ ጅግራና ቆቅ ሣር ውስጥ ጸጥ ይላሉ። አውራ ዶሮም የራሱ ቋንቋ አለው። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣ ጠላት የሚያሰማው ጩኸትና በምድር ለሚመጣው የሚያሰማው ጩኸት የተለያየ ነው። የሰማዩን ሲሰሙ ሴቶቹ ዶሮዎች ወደ መጠለያ ይሮጣሉ፤ የምድሩን ሲሰሙ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ይቃኛሉ። ዶሮ አርቢ የሆነች እናት ሁለቱን ድምፅ ለይታ ታውቃለች። የቁራን ጩኸት በዚህ ላይ ብትጨምር ከዛፍ ጫፍ የሚጠብቅላት ሁለተኛ ዘበኛ አገኘች ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን በትክክል መታወቅ አለበት። የቁራ ማሳደድ አዳኙን አይገድለውም፤ ያንቀሳቅሰዋል እንጂ። ጭልፊቱ በአንድ ግቢ ላይ ሰፍሮ በየቀኑ ጫጩት እንዳይለቅም ያደርጋል። ይህም ጥቅሙ ነው። በደጋ በምሰሶና በደረቅ ዛፍ ላይ ተቀምጦ የሚያደባውን ቀይ ጅራት ያለውን ትልቅ አዳኝ ወፍ እንውሰድ። ቁራው እሱንም ያባርረዋል። ይህ ወፍ ግን ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ለገብስና ለስንዴ ማሳ ባለውለታ ነው። ጉጉትም በቀን ከተገኘች የወፍ ሁሉ መሳደጃ ትሆናለች፤ ሌሊት ግን የጎተራውን አይጥ የምትለቅመው እሷ ናት። ሁለቱም በቁራ ተባርረው አይጠፉም፤ ከጓሮው ርቀው ወደ ማሳው ይሄዳሉ። ይህን ክፍፍል ሰው በመርዝ ሊያደርገው አይችልም። መርዝ አንዱን ከጓሮ ወደ ማሳ አያዛውርም፤ ሁሉንም ይገድላል።

ቁራ ሌባም ነው

ቁራን እንደ ጻድቅ አድርጎ ማቅረብ ገበሬውን መናቅ ይሆናል። ገበሬው ያየውን አይቷል። ቁራ እንቁላል ይሰርቃል። ገና የተፈለፈለ ጫጩት ያነሣል። የተዘራ በቆሎ ቆፍሮ የሚያወጣም አለ። በአንጻሩ ትልና ጥንዚዛ ይለቅማል፣ ጥምብ ያነሣል። ስለዚህ የቁራ ሂሳብ ሁለት ዓምድ አለው፤ ገቢም ወጪም።

ጥያቄው ወጪው በምን ይቀነሳል የሚለው ነው። እንቁላል የሚሰረቀው ዶሮ በየቁጥቋጦው ስትጥልና እንቁላሉ ሳይሰበሰብ ሲውል ነው። ጫጩት የሚወሰደው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ መጠለያ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ ነው። ቁራና ጭልፊት ወደ ግቢ የሚለመዱት የታረደ ዶሮ ሆድ ዕቃና አንጀት ደጃፍ ላይ ሲጣል ነው። እነዚህ ሦስቱም በሰው እጅ ያሉ ናቸው። ሌባውን የሚጠራው ባለቤቱ ከሆነ፣ ፍርዱን በሌባው ላይ ብቻ ማክበድ አይገባም።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ጫጩት ባለቀ ቁጥር የሚከሰሰው የሚታየው ጠላት ነው። ጭልፊት በቀን በአደባባይ ስለሚወስድ ሁሉም ያየዋል። ሸለመጥማጥ በሌሊት ይገባል። ፈንግል ደግሞ ከማንም የበለጠ ዶሮ ይጨርሳል፤ አንድ ጊዜ ከገባ በመንደሩ አውራም ሴትም አያስተርፍም። ለፈንግል መድኃኒቱ ወንጭፍ ሳይሆን ክትባት ነው፤ ክትባቱም በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። ቁራ እየገደሉ ፈንግልን መጠበቅ በሩን ከፍቶ መስኮት እንደ መዝጋት ነው።

መርዝ አይለይም

መርዝ የተለወሰ ሥጋ ሜዳ ላይ ሲጣል ለማን እንደተጣለ አይጻፍበትም። ጭልፊት ይበላዋል፤ ቁራ ይበላዋል፤ የጎረቤት ውሻ ይበላዋል። በመርዙ የሞተውን ደግሞ አሞራ ይበላዋል። በመርዝ የሞተ አይጥ የበላች ድመትና ጉጉትም ተከትለው ይሞታሉ። ሕፃናት በሚጫወቱበትና ከብት በሚሰማራበት ሜዳ ላይ የሚያስከትለው አደጋ ሳይነገር የሚታወቅ ነው።

ጉዳቱ በአንድ መንደር አልተወሰነም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አራት የአፍሪካ አሞራ ዓይነቶችን ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ በማለት መድቧቸዋል። አራቱም በኢትዮጵያ የሚገኙ ናቸው። በመላው አህጉር ለመመናመናቸው ከተጠቀሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው። አብዛኛው መርዝ ለአሞራ ተብሎ የተቀመጠ አልነበረም፤ ለጅብ፣ ለቀበሮ፣ ለውሻ ነበር። አሞራው ግን ሞተ። በየሜዳው የወደቀውን የከብት ጥምብ በነፃ ሲያጸዳ የነበረው እሱ ነው።

በቁራም ላይ የሚደርሰው ከዚህ አይለይም። ጠላት ማወቅ ከአሮጌው ወደ ወጣቱ የሚተላለፍ ትምህርት ከሆነ፣ አሮጌዎቹ ባንድ ቀን ሲያልቁ የሚጠፋው የወፍ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የመንደሩ ዘበኛ እውቀትም ነው። ከዚያ በኋላ ጭልፊቱ ቢመለስ ማን ይጮኻል? በገጠር የእንቁላልና የዶሮ ገንዘብ በአመዛኙ በእናቶች እጅ ያለ፣ ለጨው፣ ለጋዝና ለልጆች ደብተር የሚውል ገንዘብ ነው። ዘበኛው ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው ኪስ ነው።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት ከወተትና ከማር ጋር ዶሮና እንቁላልን በየቤቱ ለማብዛት የታሰበ ነው። ዶሮ ሲበዛ የሚጠብቀው ዓይንም መብዛት አለበት። ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚከተሉትን በስብሰባቸው ቢያነሡ ጠቃሚ ይሆናል።

አንደኛ፣ ለጭልፊትም ሆነ ለቁራ ተብሎ መርዝ በሜዳ እንዳይጣል አባላት ተወያይተው ቢስማሙ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስምምነት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛ፣ ጫጩት እንደ ተፈለፈለ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከእናቷ ጋር በተደፋ ቅርጫት ወይም በጭራሮ በታጠረና ከላይ በተሸፈነ ትንሽ ዳስ ውስጥ ብትያዝ። ከመስከረም ወዲህ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ጭልፊቶች በአገር ውስጦቹ ላይ ስለሚጨመሩ በዚያ ወቅት ጥንቃቄው ቢጠብቅ።

ሦስተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በትምህርት ቤትና በግጦሽ ዳር ያሉ ረጃጅም ዛፎች እንዲጠበቁ፣ በየጓሮውም ዶሮ የምትገባበት ጥቅጥቅ ያለ የአጥር ቁጥቋጦ እንዲኖር ቢደረግ። ቁራው የሚጮኽበት ዛፍ፣ ዶሮዋ የምትሸሽበት ቁጥቋጦ ያስፈልጋል። አንዱ ያለ ሌላው ሥራ አይሠራም፤ ማስጠንቀቂያ የሰማች ዶሮ መሸሸጊያ ካጣች ጩኸቱ ምን ይጠቅማታል?

አራተኛ፣ የታረደ ከብትና ዶሮ ትርፍራፊ ጉድጓድ እንዲገባ፣ እንቁላልም በየዕለቱ እንዲሰበሰብ ቢመከር።

አምስተኛ፣ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ቆጠራ ቢደረግ። በአንድ መንደር ለሁለት ወር ያህል የጠፋ ጫጩት ሁሉ ቢመዘገብ፤ ጭልፊት የወሰደው፣ ቁራ የወሰደው፣ ሌሊት የጠፋው፣ በበሽታ የሞተው ተለይቶ ቢጻፍ። መጻፍ የሚችል የአንድ ቤት ተማሪ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ስብሰባው የሚነጋገረው በግምት ሳይሆን በያዘው መዝገብ ይሆናል። ምናልባት ከሳሾቹ የሚያገኙት የፈንግልን ስም ነው።

እረኞችና ልጆችም ቢሆኑ ከዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ቁራ በአንድነት በሚጮኽበት አቅጣጫ ቀና ብሎ ማየት ልማድ ከሆነ፣ ጭልፊቱ ጓሮ ከመድረሱ በፊት ልጁ ይደርሳል። ቁራው ከዛፍ ሥር ወደ ምድር እያየ ከጮኸም ሸለመጥማጥ ወይም እባብ ሊኖር ስለሚችል ዱላ ይዞ ማየት ነው።

በአገራችን ሄዶ ያልተመለሰ ሰው የቁራ መልእክተኛ ይባላል። በጓሮ በኩል ግን ቁራው መልእክቱን በየቀኑ ያደርሳል። ሰሚ ያጣው እሱ ነው። በልደታ በፎቅና በአስፋልት መካከል ዶሮዋን የምታረባ እናት ጩኸቱን ሰምታ ቀና ካለች፣ ዛፉና ሜዳው ያለው የገጠር ገበሬ ወንጭፉን ከማንሣቱ በፊት ቀና ቢል አይጎዳም። መሪዎችም በሚቀጥለው ስብሰባ መርዝ ይጣል የሚል ሐሳብ ሲቀርብላቸው፣ በመጀመሪያ መዝገቡ ይምጣ ብለው ቢጠይቁ ለማኅበራቸው ትልቅ አገልግሎት ይሰጣሉ።